ስለ ኢንተርኔት የሽያጭና የኪራይ ማስታወቂያዎች አጭር ሐተታ

ክሬግ ኒውማርክ በ1995 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው ክሬግስሊስት ጌጥ የሌለው የማስታወቂያ ዝርዝር ነው። በአገራችንም ጂጂና ልዩ ልዩ የቴሌግራም ቻናሎች የሚሠሩበት ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ይኸውም ፎቶግራፍ፣ ዋጋ፣ ሰፈርና ስልክ ቁጥር ነው። ሕዝቡ እነዚህን ገጾች የወደደበት ምክንያት ምንድን ነው?

በገላን ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ሰው የሚከራይ ቤት ፈለገ እንበል። ቀድሞ የየሰፈሩን ዋጋ ለማወቅ በአብዛኛው ከደላላ ጋር መዞር ነበረበት። ዛሬ ማታ በስልኩ የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ኪራይ ካለበት ሳይነሣ ያነጻጽራል። እንግዲህ የገጾቹ ማማር በደላላው ልብ ተደብቆ የነበረውን ዋጋ ወደ አደባባይ ማውጣታቸው ይመስለናል።

ነገር ግን ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች «ዋጋ በስምምነት» ይላሉ፤ ሰፈሩንም «አዲስ አበባ ዙሪያ» ብለው ያልፋሉ። አራቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ሱሉልታ በሰሜን፣ ገላን በደቡብ ነው። በእንዲህ ያለው ቃል ተመርቶ የሄደ ሠራተኛ የቀን ደመወዙንና የታክሲ ሒሳቡን ይከስራል፤ ስልኩን የሚያነሣለትም ብዙ ጊዜ ያው ደላላ ነው።

ስለዚህ የማስታወቂያውን አጭርነት አንነቅፍም። ሆኖም ዋጋና ትክክለኛ ሰፈር ያልተጻፈበትን ማስታወቂያ ባለገጾቹ ባይቀበሉ መልካም ነው እንላለን፤ እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ አንባቢው ተመልሶ በደላላው እጅ ይወድቃልና።