የጌንት መስፈርትና የማርፋን ሲንድረም፦ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል?

በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2010 እ.ኤ.አ. የተከለሰው የጌንት መስፈርት፣ የሰውነትን አያያዥ ሕብረ ሕዋስ የሚያላላውንና በዘር የሚተላለፈውን የማርፋን ሲንድረም ለይቶ ለማወቅ ሐኪሞች የሚመሩበት ዋና ሰነድ ነው። ክለሳው ከቀዳሚው የተሻለ ስለ መሆኑ አያከራክርም። ከብዙዎቹ ምልክቶች መካከል የአዎርታን ሥር መስፋትና የዓይን ሌንስ ከቦታው መንሸራተትን አስቀድሟል፤ ታማሚውን በድንገት የሚገድለው የአዎርታ መሰንጠቅ ነውና ፍርዱ ትክክል ነው።

ሆኖም ሰነዱ በጥሞና ሲነበብ ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛውን አብልጦ እንደሚፈራ ይገለጣል። ያለጊዜው የሚሰጥ ስያሜ በሥራ ምርጫ፣ በኢንሹራንስና በስፖርት ተሳትፎ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ይዘረዝራል። ሥጋቱ መሠረት አለው። የዘገየ ስያሜ ግን ዋጋው ሌላ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘችው አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን በጃንዋሪ 1986 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በውድድር ላይ ወድቃ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሕመሟ ማርፋን መሆኑ የታወቀው አስከሬኗ ሲመረመር ነው። እስከዚያ ድረስ ቁመቷ ጸጋ እንጂ ምልክት ሆኖ አልታየም።

የሰነዱ ትልቁ ድክመት «የቤተሰብ ታሪክ» በሚለው ላይ ነው። ከታማሚዎቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሕመሙን ከወላጅ የወረሱ ናቸው። የቤተሰብ ታሪክ የሚቆጠረው ግን ዘመዱ ራሱ በመስፈርቱ የተረጋገጠ ከሆነ ብቻ ነው። ታዲያ እንደ ኢትዮጵያ አስከሬን እምብዛም በማይመረመርበት አገር፣ በእርሻው ላይ እንዳለ ደረቱን ይዞ ወድቆ የቀረ አባት በምን ይቆጠራል? በሰነዱ ዘንድ ምንም ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ልጁን ለመለየት የአካል ምልክቶች 7 ነጥብ ብቻ በበቃ ነበር። የእጅ አንጓና የአውራ ጣት ምልክቶች አንድ ላይ 3፣ እንደ ወፍ ደረት የወጣ ደረት 2፣ የሳንባ አየር ማፍሰስ 2፤ ይህ ያለ መሣሪያ፣ በዓይንና በጥያቄ የሚሰበሰብ ነው።

የሰውነትን የላይኛና የታችኛ ክፍል የሚያነጻጽረው መለኪያም አስቸጋሪ ነው። ለነጭ አዋቂዎች ከ0.85፣ ለጥቁር አዋቂዎች ከ0.78 በታች ይላል። የኢትዮጵያ ሕዝቦች በቁመናቸው እርስ በርሳቸው እንኳ እንደሚለያዩ ለሚያውቅ ሐኪም «ጥቁር» የምትለው አንዲት ቃል መልስ አትሆንም። (የእስያውያን መለኪያ በበቂ አለመጠናቱን ሰነዱ ራሱ አምኗል።)

በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ልማድም ከትችት አያመልጥም። የሩማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገር የሚትራል ቫልቭ ድምፅ የሰማ ሐኪም አስቀድሞ እርሱን ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጣቶቹ የረዘሙትን ወጣት አውራ ጣቱን አጥፎ እንዲጨብጥ ማዘዝ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ጥፍሩ በትንሿ ጣት በኩል ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሐሳቡ መለወጥ አለበት።

ከሰነዱ ሁሉ አስተዋይ የሆነው ክፍል ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች ሆኖ መስፈርቱን ገና ላላሟሉት በልብ አልትራሳውንድ መከታተልን ማዘዙ ነው። ለተጠረጠረና መሣሪያው ከሌለበት ወረዳ ለመጣ አዋቂ ግን ተመሳሳይ በር አልከፈተም። የአዎርታን መስፋት ለማዘግየት የሚሰጠው ቤታ ብሎከር ውድ መድኃኒት አይደለም። በተለይ ለማርፋን የተጠረጠረች ሴት ከመፀነሷ በፊት አዎርታዋ ካልተለካ፣ በእርግዝናው መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የመሰንጠቅ አደጋው ይበረታል።