ሐኪም ወርቅነህ በፕሮፌሰር ጋረትሰን መጽሐፍ

የሰውን ሕይወት መጻፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገድልና ዜና መዋዕል ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ የጽሑፍ ዓይነቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ገድል ለቅዱስ፥ ዜና መዋዕል ለንጉሥ ይጻፋል፤ ስለ ሐኪም፥ ስለ መሐንዲስና ስለ መምህር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ፕሮፌሰር ፒተር ጋረትሰን በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ስለሚባሉት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ምስጋና ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ቀረው መመርመር ነው።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጎንደር የተወለደው ሕፃን መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዞች እጅ ገባና ወደ ሕንድ ተወሰደ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የተገኘው ካሳደጉትና ካስተማሩት ሁለት መኮንኖች ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በላሆር ሕክምና አጥንቶ፥ ትምህርቱን በስኮትላንድ ካስፋፋ በኋላ በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ከዚያ ወዲያ ዳኛ፥ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፥ የጨርጨር ገዥ፥ በመጨረሻም በጣልያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። ሁለት ልጆቻቸውን ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው። ራሳቸውም በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ሐኪሙ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክና በዕለት ማስታወሻቸው ላይ መመሥረቱ ነው። በአገራችን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በወሬና በውዳሴ የሚነገር ሲሆን፥ እዚህ ግን በቀን የተጻፈ ምስክር አለ። ለምሳሌ ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1927 የጣና ግድብን ጉዳይ ከአሜሪካን ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ መሄዳቸው፥ በዚያም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ መጋበዛቸው ለበጌምድር ተማሪ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን ብርታቱ ራሱ ድካም ይወልዳል። የዕለት ማስታወሻ የባለቤቱ ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ደግሞ ጸሐፊው ነገሩን በእንግሊዝኛ ዓይን እንዳየው ያሳያል። የታከመው በሽተኛ፥ በችሎታቸው ፊት የቆመው ባለጉዳይ፥ በጨርጨር ግብር የከፈለው ገበሬ ምን ይሉ ነበር? ባለታሪኩን በገዛ ቃሉ ብቻ የምንመዝነው ከሆነ፥ ባለጉዳዩን ራሱን ዳኛ ማድረጋችን ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከርእሱ ይጀምራል። ርእሱ ሐኪሙን «የቪክቶሪያ ዘመን ጨዋና ኢትዮጵያዊ አገር ወዳድ» ይላቸዋል። «ጨዋ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም እንዳለው የጋይንት ሰው አይስተውም። በአንድ በኩል በመልካም ቤት ያደገ፥ ሥርዓት ያለው ማለት ነው፤ በሌላ በኩል፥ ድጓ በሚመሰከርባት በቤተ ልሔም አካባቢ፥ የቤተ ክህነት ትምህርት የሌለው ማለት ነው። ሐኪም ወርቅነህ በሁለቱም ትርጉም ጨዋ ነበሩ። ሲመለሱ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተውት ስለ ነበር በገዛ አገራቸው በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። ከዚህ ተነሥተው በኋላ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ ማዘጋጀት መድረሳቸው፥ በእኔ አስተያየት፥ ከለንደኑ ሹመት የማያንስ ሥራ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ጨዋነት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ በዋናው ርእስ ውስጥ የሌለውና በንዑስ ርእሱ ብቻ የሚገኘው «ሐኪም» የሚለው ማዕረግ ነው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራቸው በዚያ ነው። ሐኪሙ የመጡት መድኃኒት ወደማይታወቅበት አገር አልነበረም። ፈንጣጣን ከሕመምተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ ከእርሳቸው በፊት በአገራችን ይሠራበት ነበር፤ ወጌሻና መድኃኒት ዐዋቂ ደብተራም ነበሩ። አዲሱ ሕክምና ከነባሩ ጋር እንዴት ተገናኘ የሚለው ጥያቄ በሰፊው መመርመር ነበረበት። አንባቢ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ አብሮ ቢያነብ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የለውጥ አቀንቃኞች ጥናትም ሐኪሙን ከዘመን ጓደኞቻቸው መካከል አቁሞ ያሳያል።

ሦስተኛው መቅደላ ነው። በውጭ ሰዎች አነጋገር ሕፃኑ «ተገኘ» ይባላል። ለእኛ ግን ጥያቄው እንዴት ጠፋ የሚል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መድፋቸውን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ ጎንደርና በጌምድር አስቀድመው ተዘርፈውና ተቃጥለው ነበር። የአለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል ይህን ዘመን ያወሳል። ሕፃኑን ከእናቱ የለየው የእንግሊዝ ጦር ብቻ ሳይሆን ይህ ጥፋት ሁሉ ነው። ይህን ያልመዘነ ሰው ሐኪሙ ለእንግሊዝ የነበራቸውን ምስጋናም ቅሬታም በትክክል ሊመዝን አይችልም።

በጠቅላላው የፕሮፌሰር ጋረትሰን መጽሐፍ ለሚቀጥለው ጸሐፊ ጽኑ መሠረት ነው። ያ ጸሐፊ ግን የአማርኛውን ሰነድና የሕዝቡን ቃል ከማስታወሻው ጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል። በደብረ ታቦር፥ በእስቴ፥ በስማዳና በጋይንት ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚናገሩ ሽማግሌዎች ስላሉ፥ የአካባቢው ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን ቃላቸውን ጽፈን ብናስቀምጥ ሥራው ዛሬ ሊጀመር ይችላል።