የእማሆይ ፒያኖ በድምፅ ልክ ሲመዘን

የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ካሳተማቸው አልበሞች 21ኛው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራ ነው። ለጎንደር ሰው ይህ ሥራ ባዳ አይደለም። እማሆይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች ችግርም ልባቸውን ነክቶታል፤ በሙዚቃቸው ችግረኛን ለመርዳት የተነሡትም ከዚህ በኋላ ነው።

የአልበሙ ትልቁ ሀብት ልስላሴው ነው። ግራ እጃቸው ምቱን በእርጋታ ይዞ ሲሄድ ቀኝ እጃቸው በቅኝቱ ላይ ይንሸራሸራል፤ አንዱን ቁልፍ በጣት ጫፍ ዳስሰው ቀጣዩን ጠበቅ ያደርጉታል። የዜማው ትርጉም ያለው በዚህ ከፍና ዝቅ ውስጥ ነው።

ይህ ሀብት በየፍላሹ ላይ ይባክናል። ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ የእማሆይ ፒያኖ ከአንድ የዘመኑ ዘፈን ቀጥሎ ቢመጣ ሞተሩ ይውጠዋል። ሹፌሩ ድምፁን ይጨምራል፤ ተከታዩ ዘፈን ሲገባ ጆሮ ይበሳል። ይህ የሚሆነው የዘመኑ ዘፈን ሲቀናበር ዝቅ ያለው ክፍል ሁሉ ተጨምቆ ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። የሁለቱ ፋይሎች የድምፅ ጫፍ እኩል ቢሆን እንኳ ጆሮ የሚመዝነው ጫፉን ብቻ ሳይሆን የቆየውን ጉልበት ጭምር ነው።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ዴቪድ ሮቢንሰን በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ሪፕሌይ ጌይን» ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚጎላ ለክቶ፣ ሙዚቃውን ሳይነካ፣ «ይህን ያህል ቀንስ» ወይም «ጨምር» የሚል ለማጫወቻው የሚሆን መረጃ ከፋይሉ ጋር ያስቀምጣል። ስፖቲፋይም በተመሳሳይ መንገድ ዘፈኖችን ወደ አንድ መጠን፣ በተለምዶ ወደ -14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ)፣ ያቀራርባል።

ለእማሆይ ግን ማስተካከል ሁሉ አይበጅም። እያንዳንዱን ዜማ ለየብቻ ማስተካከል ለተደባለቀ ዝርዝር ይጠቅማል፤ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ለሚሰማ ግን ለስላሳውን ዜማ ከብርቱው እኩል ያስጮኸዋል። ለዚህ የሚሆነው አልበሙን እንደ አንድ ሥራ የሚለካው ስልት ነው። ፒያኖውን ብቻ ወደ ላይ መግፋትም ገደብ አለው፤ ጠንከር ያሉት ምቶች ቀድመው የድምፁን ጣሪያ ነክተው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ፍትሑ ጮሂውን ዝቅ ማድረግ ነው።

አልበሙ እንከን አልባ አይደለም። በተለያዩ ዘመናት የተቀዱ ዜማዎች ስለተሰበሰቡበት የድምፁ ቀለም ከዜማ ዜማ ይለያያል፤ የትኛውም የድምፅ ማስተካከያ ይህን አያጠፋውም። ቢሆንም በቤታችን ሊኖር የሚገባ ሥራ ነው። ሙዚቃ በፍላሽ የምትጭኑ ወገኖች ሆይ፣ ፋይሉን አትጭመቁት፤ ማጫወቻው የሚያነበው ከሆነ መረጃውን ብቻ ጨምሩበት። የእማሆይ ዝግታ ራሱ ሙዚቃ ነውና።