የሚገፋ ቃል

መናኸሪያ ውስጥ ሰዓት የለም። ያለው «የሞላ» እና «ያልሞላ» ብቻ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከሐዋሳ ወደ ዲላ ልሄድ አንድ አባዱላ ውስጥ ገብቼ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ዲላ አንድ ሰው! ዲላ የቀረው አንድ ሰው!» ይላል፤ ውስጥ ያለነው አራት ነን። መቼም ይህን ውሸት ሠላሳ ዓመት ስሰማው ኖሬያለሁና አልተቀየምኩም። ቆሎ ገዛሁ፣ ጋዜጣዬን ጨረስኩ፣ ሎተሪ አዟሪውን ሁለት ጊዜ መለስኩ፤ አሁንም አራት ነን።

ረዳቱ ጩኸቱ ሲሰለቸው በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን አወጣ። ማስተማር ከተውኩ ብቆይም የሰው ወረቀት በትከሻ ላይ አሻግሮ የማየት የፈተና ክፍል አመሌ አልለቀቀኝም፤ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። የጠበቅኩት ኳስ ወይም ተኩስ ነበር። ያየሁት ግን ቃላት ነው። ጥንቸል ይሁን በግ ያልለየለት አንድ ነጭ ፍጥረት ስክሪኑ ላይ የተዘሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን እየገፋ ያሰልፋል።

«ምንድን ነው የሚያደርገው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ የሚያግደን እዚህ ጋ ‹ግድግዳ ያግዳል› ተብሎ ስለተጻፈ ነው። አንዷን ቃል ገፋ አድርገን ዓረፍተ ነገሩን ብናፈርሰው በግድግዳው መሀል እናልፋለን።» ገፋት፤ አለፈ።

ቆሎው እጄ ላይ ቀረ።

ጨዋታው «ባባ ኢዝ ዩ» ይባላል። አርቪ ቴይካሪ የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነው፤ መነሻው በ2017 ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደ የሁለት ቀን ያህል የጨዋታ መሥራት ውድድር የተሠራ ናሙና ነበር። ሕጉ ሁሉ በፊታችሁ ተጽፎ ይቀመጣል፦ «ባባ አንተ ነህ»፣ «ድንጋይ ይገፋል»፣ «ባንዲራ ድል ነው»። ግን ቃላቱ ራሳቸው ዕቃ ናቸው። ሦስቱ ተሰልፈው ሲቆሙ ሕግ ይሆናሉ፤ አንዱ ከተነሳ ሕጉ የለም። ድንጋዩን ባንዲራ ማድረግ ይቻላል። ግድግዳውን ራስን ማድረግ ይቻላል።

እናላችሁ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ረዳት ግስ ሲያገላብጥ ቁጭ ብዬ አየሁ። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው ግስ ያወርዳል፣ ከዚያ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ አንዲት ቃል ከቦታዋ ስትነቃነቅ የታሰረው ምስጢር ይፈታል። እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ሲሳሳት አለመቆንጠጡ ነው።

ይህን ሳስብ ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። በ2003 ዓ.ም. አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ይዞልኝ መጣ። ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ መጻፍ ፈለገ። ጨዋታው ጆናታን ብሎው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ብሬይድ» ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ሰምና ወርቅ ነው ሲል ሁለት ገጽ ጽፎ ነበር። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም። በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ብዬ መለስኩለት። ልጁ አልተከራከረኝም። ሌላ ርዕስ ይዞ መጣ፣ ሁሉም ሰው የሚጽፍበትን ልብ ወለድ፤ ጻፈ፣ «ቢ» ሰጠሁት፣ ተመረቀ። ወዴት እንደገባ አላውቅም።

ከዲላ እንደተመለስኩ የእህቴን ልጅ «ብሬይድ»ን ፈልግልኝ አልኩት። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ያልተጫወታችሁት ይቅር በሉኝ፣ መጨረሻውን ልናገር ነው። ጀግናው ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ ልዕልቲቱን ከአውሬ ሊያድን ይገሰግሳል። በመጨረሻው ምዕራፍ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች አብረው ይሮጣሉ፤ መሰናክሉን የምታነሳለት ትመስላለች። ከዚያ ያው ትዕይንት በተቃራኒው ጊዜ ሲሄድ ይታያል። ለካ ልዕልቲቱ የምትሸሸው ከእሱ ነው። ትረዳው የመሰለችው መንገዱን ስትዘጋበት ነበር። አንዲት ቅንጣት አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የሚነበብበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ እኔ ለስንት ዓመት ያስተማርኩት ምን ነበር? በእርግጥ በየምዕራፉ መግቢያ የተለጠፈው ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል፤ ከልቤ ነው፣ ያንን በቀይ ባሰምርበት አላዝንም። ጨዋታው ዝም ሲል ነው የሚናገረው።

አንዴ ከገባሁበት ወዲህ ሌሎችንም አየሁ። «ሊምቦ» የተባለውን የዴንማርክ ሥራ (2010) ያደነቅኩት ለጥላው ነው፤ ለእንቆቅልሹ አይደለም። ጥቁርና ነጭ ጫካ ውስጥ አንድ ልጅ ደጋግሞ ይሞታል፤ አሥረኛው ሞት ላይ ግን ማዘኑ ቀርቶ መቁጠር ይጀመራል። «ሚኒ ሜትሮ» የሚባለው የኒውዚላንዶች ጨዋታ (2015) ደግሞ የባቡር መስመር እየዘረጉ ተሳፋሪ ማስተናገድ ነው፤ አንድ ጣቢያ ከልክ በላይ ከተጨናነቀ ያበቃል። ንጹሕና የሚያምር ነገር ነው። የእኛ መናኸሪያ በፊቼ ጨምበላላ ዋዜማ ቢገባበት ግን አንድ ደቂቃም አይቆይም።

ያልተፋታኝ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በስልክም አለ። እናንተ የድንበር ኬላ ሠራተኛ ናችሁ። ፓስፖርት ታያላችሁ፣ ማኅተም ትመታላችሁ፤ የሚከፈላችሁ ባስተናገዳችሁት ሰው ልክ ነው። ማታ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ አለ፤ ካልበቃ ቤተሰብ ይታመማል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ሰው ይመጣና «ሚስቴ ከኋላዬ ናት፣ ደግ ሁንላት» ይላል። ሚስቱ መግቢያ ፈቃድ የላትም። ባስገባት የሚደርስብኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች አያስቀጡም። ይህን እያወቅኩ መለስኳት። ለምን? ደንቡ ስለሚል። ልብ ወለድ ቢሆን ጸሐፊውን «ገጸ ባሕሪህ ጨካኝ ነው» ብዬ እወቅሰው ነበር። እዚህ ግን ገጸ ባሕሪው ማን ነው? ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። የትኛውም መጽሐፍ እንዲህ እጄን ይዞኝ አያውቅም።

የእኛስ? አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት አለ፤ «ኩኩሉ»ን እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣ። ላለመታረድ የምትሮጥ ዶሮ ናት። ሳቅኩ፤ ወጋችንን የሚያውቅ ሰው እንደሠራት ያስታውቃል። ግን «ኩኩሉ» የጣት ቅልጥፍና ናት፣ የጭንቅላት ሥራ አይደለችም፤ ስሙን ቅኔ ያለ ድርጅት ደግሞ የወርቅ ዕዳ አለበት። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተውታል፤ ወደዚያ መሄዳቸውን እወዳለሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ የሀገራችንንና የአካባቢውን የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝሮ ጽፏል። ገበጣ ላይ ዕድል የለም፤ ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ሜዳ ላይ ነው፣ የተደበቀው ሐሳብ ብቻ ነው። ዛሬም መናኸሪያው ጥላ ሥር ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ይህንኑ ታያላችሁ።

እኔ የምለው፣ «ባባ»ን በአማርኛ የሚሠራ ሰው ቢገኝስ? ቀላል አይሆንም። የእንግሊዝኛው ማሰሪያ መሀል ላይ ይቆማል፤ የእኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ግድግዳ እንቅፋት» ድረስ ገፍታችሁ «ነው» እስኪደርስ ምንም አይታወቅም። ደግሞ «ነኝ»ና «ነህ» አሉ፤ ባለቤቱ ማሰሪያው ውስጥ ተደብቆ የሚኖርበት ቋንቋ ነው። ያ ጨዋታ ከፊንላንዱ የተለየ፣ ምናልባትም የከበደ ይሆናል። ረዳቱን ስጠይቀው በሲዳምኛም ማሰሪያው መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ አሰብ አድርጎ ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት አስቦት እንደማያውቅም አልደበቀኝም።

ይህ ልጅ ጨዋታውን በዶላር ካርድ አልገዛውም፤ ከስልክ ጠጋኝ በሜሞሪ አስጭኖ ነው። እኔም ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ እያስደረግኩ ያስተማርኩ ነኝና ድንጋይ አልወረውርም። ግን ተመልከቱ፦ እንግሊዝኛው ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ፣ ቀኑን ሙሉ ተራ የሚጠብቅ ልጅ፣ ማንም ሳያዘው አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰዓት ሲያገላብጥ ይውላል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ለማስደረግ የማላደርገው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዲላ ልሄድ ነበርና ፈልጌ እሱ መኪና ላይ ገባሁ። አወቀኝ። ስምሪቱ ቆርጦልን፣ በሩ ላይ መውጫ አሳይተን ስንወጣ ሂሳብ ሰብስቦ ስልኩን ሰጠኝ፤ «እስክንደርስ ይሞክሩት፣ ይቺ እኔንም ሁለት ቀን ፈጅታብኛለች።»

ገፋሁ፣ ሳብኩ። ባንዲራውን ለመድረስ አንዲት ቃል ገፋ ሳደርግ «ባባ አንተ ነህ» የሚለው ተበተነ። ሙዚቃው ጠፋ። ዕቃው ሁሉ ቦታው ላይ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም።

«ምን አደረግኩ?»

«ራስዎን አጠፉ ጋሼ» አለ፣ ከበሩ ሳይዞር። «ችግር የለም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የምትመልስ ቁልፍ አለች። እሷን ይንኳት።»

ነካኋት፤ ባባ ተመልሶ ቆመ። አፖስቶ ደርሰን ሁለት ሰው ሲወርድ አሁንም አልተፈታልኝም ነበር።