ደንገል፣ ልጥና ቋጠሮ

መርጡለ ማርያም ላደገ ሰው ጥሩ የእጅ ሥራ ማለት ድንጋይ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተረፈውን፣ በአበባ ቅርጽ የተፈለፈለውን ድንጋይ ያየ ዓይን ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገባበትም። የእኔን ዓይን ያሸነፈው ግን በጣት ሲጫኑት ስርጉድ የሚል ተክል ነው። የጣና ዓሣ አጥማጆች፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ታንኳ የሚያስሩበት ደንገል።

ደንገል ከሩቅ ሲታይ ክብ ዘንግ ይመስላል፤ ሲቆረጥ ግን ሦስት ማዕዘን ነው። ላዩ ለስላሳ አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጭና አየር የሞላበት ነው። ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት ይህ አየር እንጂ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ የማያስገባ ወለል አይደለም። ውኃው በእስሮቹ መሐል እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ የሠሪው ጭንቀት ሁሉ ማሰሪያው ልጥ ላይ ነው። ልጡ ከላላ እስሮቹ ማዕበል ላይ ይለያያሉ፤ አለልክ ከጠበቀ የደንገሉን ልባስ ይቆርጥና ውስጡ ቶሎ ውኃ ይጠጣል። በዚያ ላይ ደንገል ሲርስ ያብጣል፤ ያበጠውም ማሰሪያውን የበለጠ ይወጥረዋል። ሠሪው የብስ ላይ ሆኖ ሲቋጥር፣ ገና ያልመጣውን እብጠት አስቀድሞ በእጁ ለክቶ ነው። ሚዛን የለው፣ ሜትር የለው። እጁን ብቻ አምኖ ይጎትታል፣ ያቆማል። የዚህን ሥራ ልቀት የማየው እዚች ቅጽበት ላይ ነው።

የታንኳዋ አፍንጫ ሹል ሆኖ ቀና ይላል፤ ኋላዋ ድፍን ብሎ ይቆረጣል። ሆዷ ውስጥ ሌላ የደረቀ ደንገል ይነጠፋል። አጥማጁ የሚቀመጠው፣ መረቡንም የሚያኖረው ከዚያ ላይ ነው፤ ከሥር ውኃው ቢርመሰመስም እሱን አይነካውም። ታንኳዋ ብዙ ውስጥ ስለማትሰምጥ፣ ሞተር ጀልባ በማይደፍረው ጥልቀት የለሽ ዳርቻ፣ ቀረሶ የተባለው ዓሣ በሚውልበት ሣር መሐል ሳታስደነብር ትገባለች።

በቀዝቃዛ አገር በረዶው ቀልጦ ሐይቁ ሲከፈት ትራውት የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥመው ዝንብ የሚመስል ማታለያ ይሠራሉ። የዚያች ዝንብ ጥበብ ላባው ሳይሆን ጥምጥሙ እንደሆነ ሁሉ፣ የታንኳዋም ጥበብ ከደንገሉ ይልቅ እስሩ ነው።

የደንገልንና የእስሩን ነገር ዓለም በትልቁ ያየው በ1969 እ.ኤ.አ. ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል 12 ቶን የጣና ደንገል ወስዶ፣ በቻድ ሐይቅ ሠሪዎች እጅ ራ የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ አትላንቲክን ሊሻገር ተነሣ። ደንገሉ ለሳምንታት ጨው ውኃ ውስጥ ተንሳፍፎ ቆየ። ሆኖም በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የሚታየው፣ የኋላዋን ጫፍ ወደ ወለሉ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ቀርቶ ስለነበር ኋላዋ ተንጋደደ፤ ባርቤዶስ ሳይደርሱ ትተዋት ወጡ። በማግስቱ ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች ያሰሯት ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ተሻገረች።

የጣናዋ ታንኳ ዕድሜ አጭር ነው። ከሥራ መልስ ዳር ወጥታ፣ ቆማ ፀሐይ እየመታት ብትደርቅም ጥቂት ወራት ካገለገለች ብዙ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሱ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የመርጡለ ማርያምን ድንጋይ የፈለፈሉት እጆች ድንጋዩን ትተውልን ሄዱ፤ ሙያቸውን ግን የተረከበ የለም። ታንኳ ሠሪው ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅ ደጋግሞ ያስራል፤ ልጁም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ያያል።

ይህን ሙያ ይዞ የቆየው ሕዝብ ለዘመናት ሲናቅ መኖሩ ያሳዝነኛል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናይለን መረብና ሞተር ጀልባ ጣና ገብተዋል፤ ከእነሱ ጋር ታንኳዋ እስከ ዛሬ አብራ ኖራለች። የማትችለው የደንገሉን መጥፋት ነው። ዳርቻው እየታረሰ፣ እምቦጭ የተባለው አረምም እየገፋ ነው፤ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ከማረሻ ተከልሎ ለሠሪዎቹ ሊተውላቸው ይገባል።