«ተጣጣፊ» ወይስ «ለስላሳ»?

በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚተከሉትን አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ሁሉ «ተጣጣፊ» ብሎ መተርጎም አያጠግብም። ተጣጣፊ ወንበር ቢታጠፍም እንጨትነቱን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የስዊዘርላንዱ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ልዩነቱን ያስረዳል። በአይጦች ኅብለ ሰረሰር ላይ ያረፈው ስስ የፖሊኢማይድ ገበር፣ መታጠፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ነርቩን ጎድቶ እንቅስቃሴያቸውን አወከ፤ ከሲሊኮን ጎማ የተሠራው ግን ከአካሉ ጋር እየተለጠጠ፣ የጎላ ጉዳት ሳያደርስ 6 ሳምንት ሰነበተ። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት የጥናቱን ፍሬ ነገር መሰረዝ ነው። ስለዚህ የሚታጠፈውን «ተጣጣፊ»፣ ሲጫኑት የሚሰረጎደውን «ለስላሳ»፣ ሲስቡት የሚረዝመውን «ተለጣጭ» ማለት ይበጃል። የሚጥል በሽታ ወይም የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ተከላውን ከመፍቀዱ በፊት ምን እንደሚገባለት የሚረዳው በምንመርጥለት ቃል ነውና።