ስውራን ምን ይጠይቃሉ?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሆሊ ብላክ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ዳርከስት ፓርት ኦቭ ዘ ፎረስት» ልብ ወለድ መጻፍ ሙያዬ ነው ለሚል ሰው የሚያስቀናም የሚያስቆጭም መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ፌርፎልድ በምትባል የዘመናችን ትንሽ ከተማ ነው። በጫካዋ ፌይ የሚባሉት የአውሮፓ ተረት ስውራን ይኖራሉ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ባለቀንድ ልዑል ተኝቷል። ሄዘልና ወንድሟ ቤን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለዚህ ልዑል ምስጢራቸውን እያወሩለት አድገዋል፤ ሁለቱም ልባቸው እሱ ላይ ነው። ደራሲዋ ቤን ወንድ የሚወድ መሆኑን ልታስረዳም ልታስተባብልም አትሞክርም፤ የሰውየው ጠባይ አድርጋ ታልፈዋለች። ይህ ድፍረት ደስ ይላል። ቅሬታዬ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ የሚቆመው ስውራኑ በሚጠይቁት ዋጋ ላይ ነው። ስውር ያለ ዋጋ የሚሰጥ ከሆነ ጌጥ ብቻ ነው፤ ቢወጣም ታሪኩ አይጎድልበትም። ብላክ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሄዘል ለወንድሟ ስትል ሰባት ዓመት ከዕድሜዋ ለፌይ ንጉሥ ለመስጠት ቃል ትገባለች። ንጉሡ ታዲያ ዓመቶቹን በአንድ ጊዜ አይወስድም፤ ሌሊቶቿን ይወስዳል። ልጅቱ ተኝታ ስትነሣ እግሯ ጭቃ ነው፤ ሌሊቱን የት እንዳደረች፣ ለማን እንዳገለገለች አታውቅም። ያ ጭቃ የውሉን ክብደት ከገጾች ማብራሪያ በላይ ይናገራል። የቤን ፍቅር ግን እንዲህ ያለ ጭቃ የለውም። ልዑሉ ሲነቃ ለዓመታት ሲሰማው የኖረውን ልጅ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም፤ ነገሩ እዚያው ተፈጸመ። ቤን ለሙዚቃ ተሰጥዖው ብዙ ከፍሏል፤ ለፍቅሩ ግን ስውራኑ አንዳች አልጠየቁትም። ስለዚህ የእኅቱ ታሪክ እየከበደ ሲሄድ የእሱ ወደ ዳር ይገፋል።

እንደ ቤን ያሉ ሰዎች በእውነተኛው ዓለም የሚከፍሉት አንሷቸው ነው ወይ በልብ ወለድም የሚከፍሉት? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ባደረገበት አገር የሚያነብ ሰው ቢያንስ በመጽሐፍ ውስጥ የሚሳካ ፍቅር ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋጋና ቅጣት ይለያያሉ። ቅጣት ሌላ ሰው የሚጭነው ነው፤ ዋጋ ባለታሪኩ አስቦበት፣ ይሁን ብሎ የሚሰጠው ነው። ሄዘል የምትከብደን ስለተቀጣች አይደለም፤ ስለመረጠች ነው። ቤን የተነፈገው ይህን ክብር ነው።

ስውራን ምን ይጠይቃሉ ለሚለው ጥያቄ የአማርኛ ደራሲ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ግማሾቹን፣ መልከ መልካሞቹን፣ ደበቀችበት፤ እንደተደበቁ ይቅሩ ተባሉና ዛር ሆኑ ይላል የአገራችን ትረካ። የአይስላንድ ሰዎችም ስለ ስውር ሕዝባቸው ሔዋን ስለደበቀቻቸው ልጆች የሚናገር ተመሳሳይ ተረት አላቸው። ዛር ደግሞ መጠየቅ ያውቃል። የጨሌው ቀለም፣ የዶሮው ላባ፣ ዕጣኑ፣ ሽቶው፣ የቡናው ሥርዓት ሁሉ ተለይቶ ይታዘዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ትእዛዝ ሸቀጥ ነው፤ መርካቶ ቅመም ተራ ገብቶ ዕጣን የሚያስመዝን፣ ዶሮ ተራ ላባ የሚያማርጥ ሰው ለምን እንደሚገዛ ሻጩ አይጠይቅም። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት ገበያ ስውራን ቢገቡ መደራደር ግድ ይሆንባቸዋል። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ሜዳ ማን ይመኛል?

ጾታንም በተመለከተ ባዕድ አይደለንም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የዛር መሪ የነበረችውን የመልካም አያሁን ቤት ሲያጠና፣ ወንድ ዛር ሲሰፍርባቸው በወንድ አንደበት የሚናገሩ ሴቶችን መዝግቧል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የወንድ ልብስ በለበሰች ልጃገረድ ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ ንጉሥ ዘመድ የሆነች ወጣት ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ደራሲው ጋብቻውን ወደ ልጃገረዷ መንትያ ወንድም ወደ ዋሕድ አዙሮ ይገላገላል። ጥያቄውን ከፈተው፣ ወዲያውም ዘጋው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይመጣል፤ እኔም በጣም የምፈራው ይህኛውን ነው። ዛርን ከእንዲህ ዓይነት ፍቅር ጋር በአንድ ታሪክ ማገናኘት «ይህ መንፈስ ነው፣ ጠበል ይውሰዱት» ለሚል ሰው ማስረጃ ማቀበል አይሆንም? ይሆናል፤ ደራሲው ካልተጠነቀቀ። ሰውየው ወንድ የሚወደው ዛር ስለያዘው ከሆነ፣ ዛሩ ሲለቅ ፍቅሩም ይለቃል ማለት ነው፤ ባለታሪኩም ሰው መሆኑ ቀርቶ በሽተኛ ይሆናል። ደግሞም ዛር ለብዙ ቤተሰብ ተረት አይደለም፤ የእናት ሕመም፣ የአክስት ሥርዓት ነው፤ እንደ ማስዋቢያ ማንሣት ነውር ነው። ብላክ ከዚህ ስሕተት ነጻ ናት፤ ቤን ልዑሉ ከመንቃቱ በፊትም ያው ቤን ነበር። ከእሷ መውሰድ ያለብን ይህንን ነው።

ስለዚህ መርካቶን ይዞ ይህን የሚሞክር ደራሲ ፍቅሩን ከስውራኑ በፊት ያቁመው። ሁለቱ ሰዎች ስውራኑ ገበያውን ሳይረግጡ ይዋደዱ። ከዚያ ዛሩ ይምጣ፤ ሲመጣም ጨሌ ሳይሆን ሊሰጡት የሚከብዳቸውን ነገር ይጠይቅ፤ አንደኛው ስሙን፣ ሌላው ለእናቱ የሚነግረውን እውነት። እሺም እምቢም የማለቱ ሥልጣን ግን የእነሱ ይሁን። የብላክ መጽሐፍ ለሄዘል ይህን ሥልጣን ሰጥቷል፤ ለቤን ሳይሰጥ ቀርቷል። በእኔ ሚዛን መጽሐፉ ጥሩ ሆኖ ትልቅ ሳይሆን የቀረው በዚህ ነው።